የአያት ጉትቻ በሲሪህ ሳጥን

በፓሪት ላንጋ መንደር ለልጁ ሚስት ሊጠይቅ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚያንኳኳው የማናፕን በር ነው። ማናፕ ሩዝ ገበሬ ነው፤ በገበሬነቱ ግን ይህ ነው የሚባል አይደለም። እርሻው ምላሱ ነው። ሽማግሌ ሆኖ ሲላክ ጤፍ የሚቆላ ምላሱን ይዞ ይቀመጥና ባለ አራት ስንኝ ግጥሙን ያወርደዋል፤ የሴት ወገን ለመጀመሪያው መልስ ሲፈልግ እሱ ሁለተኛውን ጨርሷል። በዚያ መንደር ልጅ የምትጠየቀው በግጥም ነዋ! በተራ ወሬ "ልጃችሁን ለልጃችን" ያለ ሰው ዓሣ ሊገዛ የመጣ ነው የሚመስለው።

እንግዲህ ይህ ሰው፣ ለእህቱ ለሮክያ ልጅ ለዛምሪ፣ ዙራይዳ ልትጠየቅ በተቀጠረበት ቅዳሜ፣ ጉንጩን በመዳፉ ደግፎ በረንዳው ላይ ይንጎራደድ ነበር። የታችኛው መንጋጋው ሌሊቱን ሙሉ ሲጠዘጥዘው አድሯል። የጥርስ ሐኪም ከተማ ውስጥ አለ። ማናፕ ግን መርፌ ካየ እግሩ ይከዳዋል፤ ይህንን ደግሞ ለሰው ከሚናገር ጥርሱ ሁሉ ቢረግፍ ይመርጣል።

ጊዜው ለጥርስ ሕመም የሚሆን አልነበረም። ዙራይዳን ለመጠየቅ የመጣ ሽማግሌ ሁሉ እስካሁን አፍሮ ነው የተመለሰው። የምትመልሳቸው እሷ አይደለችም፤ እሷስ ዛምሪን ትወደዋለች፤ ይህንን የመንደሩ ዳክዬ ሳይቀር ያውቃል። የሚመልሷቸው አያቷ፣ መንደሩ ሁሉ "ቶክ"፣ አያት ማለት ነው፣ እያለ የሚጠራቸው ቶክ ሳኦዳ ናቸው። ዛምሪ የሩዝ ማጨጃ መኪና ነጂ ነው፤ ትዕግሥቱ አልቆ "ዛሬ እንቢ ካሉ ሲንጋፖር ሄጄ ወደብ ላይ እሠራለሁ፤ አልመለስም" ብሎ ለእናቱ ነግሯታል። ሮክያ ደግሞ ያላት እሱ ብቻ ነው። ወንድሟን ማናፕን እጁን ይዛ "ወንድሜ፣ ልጄ በምላስህ ላይ ተንጠልጥሏል" ስትለው እንባዋ ዱብ ዱብ ይል ነበር።

ማናፕ ቤቱን ዞሮ ወደ ጓሮ ሄደ። ሚስቱ ጃራ መደቧ አጠገብ ቁጢጥ ብላ ቀንበጥ ትቀነጥሳለች።

የጃራ መደብ የራሱ ታሪክ አለው። "የአያት ጉትቻ" የሚሉት ተክል ነው። እርጥብ መሬት ላይ እየተንፏቀቀ የሚበቅል፣ አበባው ክፈፍ የሌለው፣ ቢጫ ድብልብል ብቻ የሆነ፣ ልክ የድሮ ሴቶች ጆሯቸው ላይ የሚሰኩትን ወርቅ የሚመስል። ዱሮ በየሩዝ ማሳው ዳር ማንም ሳይተክለው ሞልቶ ነበር። ማሳው ዳር ሁሉ የአረም መድኃኒት መረጨት ከጀመረ ወዲህ ግን ደብዛው ጠፋ። ጃራ በመስጊዱ የውዱእ ውሃ መውረጃ አጠገብ አንዲት የቀረች ሐረግ አይታ ቆርጣ አመጣችና ጭቃ ውስጥ ሰካቻት፤ በየአንጓው ሥር አወጣች። የሩዝ ገለባና የዳክዬ ፍግ አልብሳ፣ ከሙዝ ቅጠል ጥላ ሥር መደብ አደረገችላት። ለጋ ቅጠሉ ጥሬውን ሳምባል በሚሉት የቃሪያ ድልህ እየተጠቀሰ ከሩዝ ጋር ይበላል፤ እሑድ ገበያ በእስር በእስሩ ትሸጠዋለች። አበባው ደግሞ ጥርሱን ለታመመና ጉሮሮው ላበጠ ልጅ ነው።

ማናፕ ይህን ሁሉ ሲያይ "እህል የሚዘራ አውቃለሁ፣ አረም የሚዘራ ግን ካንቺ ሌላ አላየሁም" እያለ ሲያሾፍባት ኖረ። ባለፈው ወር ደግሞ እንግዳ ይመጣል ብሎ በሣር ማጨጃው ማሽን ጓሮውን ሲያጸዳ መደቡን ድምጥማጡን አጠፋው። ጃራ አልጮኸችም። ምሳውን ደረቅ ሩዝ አቀረበችለት። ቅጠልስ ሲል "ያጨድከውን ብላ" አለችው። ደረቅ ሩዙ ብዙ ቀን ሰነበተ።

"ጃራ" አለ አሁን ድምፁን አለስልሶ።

"አቤት፣ አባንግ" አለች፤ ሚስት ባሏን በአክብሮት የምትጠራበት ነው።

"ያቺ… ያቺ አበባ።"

"የትኛዋ አበባ? እኔ እዚህ አረም እንጂ አበባ የለኝም።"

"እሺ፣ አረሟን።"

"ቀና በልና አስተካክለህ ጠይቃ! ለሰው ልጅ ግጥም ትደረድር የለም? እኔም የሰው ልጅ ነኝ።"

"ሰው እየሞተ ግጥም ትይኛለሽ?"

"ሰው አልሞተም። ጥርስ ነው የታመመው።" ግን ፊቱን አየችውና አዘነች። እንደገና ካቆጠቆጡት ቀንበጦች ላይ አንዲት አበባ በጥሳ ሰጠችው። "በታመመው በኩል አኝካት። አንዲት ብቻ! ሩዝ እስኪበስል ድረስ ታቆይሃለች። ከዚያ ካበዛህ ምላስህም አብሮ ይተኛና ለሃጭህን ስትጠርግ ትውላለህ።"

"ጨዋታው ሩዝ ሁለቴ እስኪበስል ቢቆይስ?"

"ያን ጊዜ አሳጥረህ ተናገር።"

ማናፕን አሳጥረህ ተናገር ማለት ዳክዬን አትዋኝ ማለት ነው። ሆኖም አበባዋን አኘካት። መጀመሪያ እንደ ቃሪያ አቃጠለችው፤ ቀጥሎ ጉንዳን በድዱ ላይ የሄደ መሰለው፤ አፉ ምራቅ ሞላ፤ ከዚያ ጉንጩ የጎረቤት ጉንጭ ሆነ። ጥርሱ አለ፣ ሕመሙ የለም። ደስታው ልክ አጣ።

ደስታ ደግሞ ሰውን ያስገበግባል። ጃራ ሻሿን ልታደርግ ወደ ቤት እንደገባች ማናፕ ዓይኑን በጨው አጥቦ የቀሩትን አበቦች አንድ ሳያስቀር ለቀማቸው። በረንዳው ላይ ሲደርስ ኮቴዋን ሰማ። ኪሱን እንደምትፈትሽ ያውቃል። ዞር ሲል ሮክያ ለጥያቄው አሰናድታ ያመጣችው የሲሪህ፣ የሚታኘከው ቅጠል፣ ሳጥን ተከፍቶ ተቀምጧል፤ ቅጠሉ ተደርድሯል፣ ኖራው በጽዋው፣ አብሮ የሚታኘከው የተከተፈ የፒናንግ ፍሬም በጽዋው። አበባውን ፒናንጉ ሥር ዶለውና በላዩ በተነበት።

"ኪስህን ገልብጥ" አለች ጃራ።

ገለበጠ። ባዶ ነው።

"ገረመኝ" አለች።

ያን ጊዜ ሮክያ እየተጣደፈች መጣች፤ ሳጥኑን ከደነችው፣ በወርቅ ክር በተሠራው ጨርቅ ጠቀለለችው፣ ቋጠሮውን በጥርሷ ጭምር አጠበቀችው።

"እስቲ አምጪው፣ እኔ ልያዝልሽ" አለ ማናፕ ክው ብሎ።

"አንተ? ወንድ ሳጥን ይዞ ሲሄድ የት አይተህ ነው? ልጁን እኔ ወለድኩ፣ ሳጥኑንም እኔ እይዛለሁ።"

መኪና ውስጥ ሮክያ ሳጥኑን ጭኗ ላይ አስቀምጣ አቅፋው ሄደች። ማናፕ ከፊት ተቀምጦ በመስታወቱ ሳጥኑን ያየዋል። አንድ ሰው የመንደሩን ሥርዓት ሁሉ በልቡ ይዞ፣ ዋናውን እንዴት ይረሳል? ሳጥኑ መጀመሪያ የሚሰጠው ለባለቤቶቹ ነው። ቋጠሮውን የሚፈታው የቤቱ ታላቅ ነው። ታላቁ ሲሪህ አኝኮ ካልተፋ በቀር ስለ ልጅ ቃል አይተነፈስም። ካኘከ በኋላ ሳጥኑን ይመልሳል፤ የሳጥኑን ሰፊ ራስ ወደ እንግዶቹ አዙሮ ከመለሰ "እሺ" ነው፣ ጠባቡን ጭራውን ካዞረ "ሂዱ" ነው። ማናፕ በዕድሜው ጭራ ተመልሶለት አያውቅም፤ ይህንንም በየድግሱ ሲያወራው ኖሯል።

"ምነው አላበህ?" አለችው ጃራ ከኋላ።

"ሙቀት ነው።"

ቶክ ሳኦዳ ትልቁ ክፍል ውስጥ ምንጣፉ ላይ ትራስ ተደግፈው ነበር። ኮሳሳ አሮጊት ናቸው፤ አፋቸው ውስጥ የቀረችው ጥርስ አንዲት ስትሆን እሷንም እንደ ሀብት ነው የሚያዩአት። ባለፈው ዓመት አንድ አስተማሪ የላከውን ሽማግሌ፣ "ግጥምህ ጥሩ ነበር፣ ባታነበው" ብለው አባረውታል። ከእሳቸው ቀጥሎ የዙራይዳ አባት ዳሂም ተቀምጧል፤ ወፍራም፣ ቁጡ፣ ግን እናቱን እንደ ነብር የሚፈራ። ዙራይዳ እንደ ወጉ ከመጋረጃው በስተኋላ ናት፤ የመጋረጃው እግር ሥር የእግሯ ጣቶች ይታያሉ።

ሰላምታው አለቀ። ሮክያ ሳጥኑን እየገፋች ቶክ ሳኦዳ ፊት አደረሰችው። ሁሉም ማናፕን አየ። "አንሱልን፣ አኝኩልን" ብሎ በግጥም መጋበዝ የእሱ ድርሻ ነው። ካልጋበዘ ልጅቷ አትጠየቅም። ከጋበዘ የአገሩን አስፈሪ አሮጊት በገዛ አንደበቱ አረም ሊያጎርሳቸው ነው። ጥርሱም በዚህ መሐል ነቃች፤ መጀመሪያ ጥዝ፣ ከዚያ ጥዝዝዝ።

"እ… ቶክ" አለ፣ "ዛሬ ሙቀቱም በርትቷል። ሲሪሁን ለጊዜው ብናቆየው፣ ሻይ ቢቀድም…"

ዳሂም ቅንድቡን አነሳ። ሮክያ ከኋላው ጎኑን በጣቷ ጨምድዳ ያዘችውና በጆሮው "ልጄን አትግደልብኝ" አለችው።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። ማናፕ ዓይኑን ጨፍኖ አወጣው፦

"በመስኖው ዳር በቅሏል ሸንበቆ፣
ነፋስ ሲነካው ያዘነብላል፤
ሳጥናችን ቀርቧል አጊጦ ደምቆ፣
እጅዎ ካልነካው ምን ይባላል?"

"ይሄስ ደህና ነው" አሉ ቶክ ሳኦዳ፤ ከእሳቸው አፍ ይህ ትልቅ ምርቃት ነው። ቋጠሮውን ፈቱ። ማናፕ አበባው እንዲታያቸው ጸለየ፤ ቢያዩት አንስተው ይጥሉታል። ግን ዓይናቸው ደክሟል፤ ማኘኪያ ጥርስም ስለሌላቸው ሲሪህ የሚበሉት ወቅጠው ነው። ቅጠሉን፣ ኖራውን፣ ከፒናንጉ ጽዋ ዝቅ ብለው አንድ ሙሉ ጭብጥ ዘግነው በትንሿ የናስ ሙቀጫቸው ከተቱና ጡቅ ጡቅ ጡቅ አደረጉት። እያንዳንዷ ጡቅታ የማናፕን ጥርስ ነበር የምትወቅጠው። ቶክ ሳኦዳ የወቀጡትን በጣታቸው ጠርገው ጎረሱ።

አላመጡ። ቆም አሉ። እንደገና አላመጡ። ዓይናቸው ቀስ እያለ ፈጠጠ።

"እናቴ?" አለ ዳሂም።

አሮጊቷ አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ አፍ፣ መንደሩን ከዳር እስከ ዳር ሲያንቀጠቅጥ ከኖረ አፍ፣ "ህላ… ህላ…" የሚል ድምፅና የለሃጭ ጅረት ብቻ ወጣ። አገጫቸው ራሰ፤ የሻሻቸው ጫፍ ራሰ።

"መርዝ!" ብሎ ዳሂም ተነሳ። "እናቴን መርዝ አበሉብኝ!"

"ወላሂ መርዝ አይደለም!" ማናፕ በጉልበቱ ቆመ። "የአያት ጉትቻ ነው! አበባ ነው! እኔ ነኝ የከተትኩት፣ ለጥርሴ ነው፣ ጥርሴን አሞኝ…"

"ምን ያህል ከተትክ?" አለች ጃራ ከሴቶቹ መሐል።

"ያለውን ሁሉ።"

"ኪስህ ባዶ ሲሆን እኮ ገርሞኝ ነበር" አለች።

"ውሸታም!" አለ ዳሂም። "አንተ ለአንድ ጥርስ ብለህ የሲሪህ ሳጥን ታረክሳለህ? በል፣ እኔም እበላዋለሁ! ከሞትኩ በሰው ነፍስ ትጠየቃለህ፤ ካልሞትኩም አልለቅህም፤ እንዲህ አድርጌ አንገትህን…" እያለ ከጽዋው የቀረውን አበባ ጠራርጎ ጎረሰና በንዴት አኘከው። "አንገትህን ይዤ… አንገህህን… አህ… ህህ…" ከዚያ ቁጣው ሁሉ አፉ ውስጥ ተኛ። እጁን እያወናጨፈ ሊሰድብ ሞከረ፤ የወጣለት ለሃጭ ብቻ ነው። ቁጭ አለ። ሮክያ ፊቷን በሻሿ ሸፍና ታለቅሳለች። ለማናፕ ዛምሪ ሲንጋፖር ወደብ ላይ ከረጢት ሲሸከም ታየው። "ምን ዓይነት አጎት ነኝ" አለ በልቡ፤ አፈረ፤ ከልቡ አፈረ።

በዚህ ጊዜ መጋረጃው ተከፈተና ዙራይዳ ወጣች። የምትጠየቅ ልጅ በሽማግሌ ፊት አትወጣም፤ እሷ ግን ወጉን ረግጣ ሮጠችና አያቷ እግር ሥር ተንበረከከች። ቶክ ሳኦዳ እያለቀሱ ነበር። እንባቸው ከለሃጫቸው ጋር ይወርዳል። ዙራይዳ ጉንጫቸውን ልትይዝ እጇን ስትዘረጋ አሮጊቷ እጇን መለሱት። በራሳቸው ጣት ጉንጫቸውን ነኩ። ጫን አደረጉት። ጠበቅ አድርገው መቱት። ከዚያ ያቺን አንዲት ጥርሳቸውን በሁለት ጣት ይዘው ወዘወዟት፣ እና ሳቁ። ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

"አያቴ! አያምዎትም?"

ራሳቸውን በእንቢታ ነቀነቁ። አያመኝም።

ዙራይዳም ማልቀስ ጀመረች። "ዓመት ሙሉ ነው" አለች፣ ለማን እንደምትናገር ሳታውቅ። "በዓመቱ አንድ ሌሊት እንቅልፍ ወስዷቸው አያውቅም። ጨው በጨርቅ አሙቄ ጉንጫቸው ላይ እይዝላቸዋለሁ። ለማንም እንዳልናገር አስምለውኛል። ሐኪሙ ይቺን አንዲቷን ጥርሴን ነቅሎ ሊወስድብኝ ነው፣ ብለው።"

ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ነገሩ አሁን ገባው። ዳሂም እናቱን አየ፤ ሊናገር አፉን ከፈተ፤ "ህአ" ብቻ አለ፤ ከዚያ እሱም እጃቸውን ያዘ። የመጣውን ሽማግሌ ሁሉ ያባረረው የግጥሙ ድክመት አልነበረም። ሌሊት የምትሞቀውን ጨው የሚይዝላቸው እጅ እንዳይሄድባቸው ነው። ማናፕ ስንቱን ግጥም ሲፈትልና ሲያከር ያደረባቸውን ሌሊቶች አስታወሰና የራሱን ጥርስ እንኳ ለአፍታ ረሳት።

መጠበቅ ነበረባቸው። ሻይ ቀረበ፣ የኮኮናት ኬክ ቀረበ፤ ሁለቱ ለሃጫቸውን እየጠረጉ ሌላው እየበላ ሩዝ የሚበስልበትን ያህል ተቀመጡ። በመጨረሻ ቶክ ሳኦዳ ምላሳቸውን አፋቸው ውስጥ አገላበጡ፣ ከንፈራቸውን ሞከሩ።

"አንተ… ምላሰኛ" አሉ ኮልተፍ ብለው።

"አቤት፣ ቶክ።"

"ይቺን አረም… ማን ነው የሚያበቅላት?"

ለዚህ ጥያቄ ማናፕ ስንኝ ነበረው። ስለ ጓሮ፣ ስለ ጠል፣ ስለ ሴት እጅ ሊል የሚችለው ሞልቶ ነበር። አፉን ሲከፍት ግን መንጋጋው ጠዘጠዘው፤ ደግሞም ስንኙ ሁሉ ለሌሎች ሙሽራ ለመጠየቅ የተገጠመ ነው፣ ለገዛ ሚስቱ አንድም አልገጠመም።

"ሚስቴ ናት" አለ። "ጃራ። እኔ አጨድኩባት፤ እሷ እንደገና አበቀለችው።"

በዕድሜው ከተናገረው ሁሉ አጭሩ ይህ ነበር። ጃራ ዓይኗን ወደ ኬኩ መለሰች፤ ጆሮዋ ግን ቀልቷል።

ቶክ ሳኦዳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፦

"ዝናቡ አባራ፣ ቦዩ ሞልቶ ፈሰሰ፣
እንቁራሪት ወጣች ከጭቃ፤
ልጅቷን ውሰዱ፣ ልቤ ተመለሰ፣
አበባውን ግን ተዉልኝ በቃ።"

ሳጥኑንም አነሱና ሰፊውን ራሱን ወደ ሮክያ አዞሩት። ሮክያ አንስታ ደረቷ ላይ ለጠፈችው። ዙራይዳ ገና አሁን ወጉ ትዝ ብሏት ፊቷን ይዛ ወደ መጋረጃዋ ሮጠች።

ሠርጉ ከአጨዳ በኋላ ሆነ። ማናፕን ከዚያ በፊት ጃራ ራሷ እጁን ይዛ ሐኪም ዘንድ ወሰደችው፤ ጥርሱ ተነቀለች፤ መርፌውን ሲያይ እግሩ ከድቶት እንደነበር ለማንም አልነገረችበትም። ቶክ ሳኦዳ ግን ጥርሳቸውን አላስነኩም፤ "ጉትቻዬ እያለ!" ነው የሚሉት።

የስጦታው ትሪዎች ተሰልፈው በመንደሩ መሐል ሲያልፉ ከጨርቁና ከኬኩ ኋላ አንድ ጭቃ የሞላበት ትሪ ነበር። በየአንጓው ሥር የሰደደ፣ ቢጫ ድብልብል ያወጣ አረም ተተክሎበታል። የሚሸከመው ማናፕ ነው፤ በቶክ ሳኦዳ ወጥ ቤት ኋላ መደቡን የቆፈረውም እሱ ነው። መንገድ ዳር የቆሙት "ማናፕ፣ አረም ነጋዴ ሆንክ እንዴ!" እያሉ ሳቁበት። ምን የመሰለ መልስ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበረው፤ ተወው።

"ዘንበል አታድርገው፣ ውሃው ይፈስሳል" አለችው ጃራ ከጎኑ።

ቀጥ አድርጎ ያዘው።